ቴስታታ ተቀይሮላት ለምታፈላ አሮጌ ፔጆ፦ ዳግመኛ ከመክፈትህ በፊት

ፔጆዬ ቴስታታ (ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) በተቀየረላት በሦስተኛው ቀን፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያስወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ አፈላች። አሮጌው ቴስታታ በውኃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተበልቶ ጥርስ የረገፈበት ድድ መስሎ ነበር። ስለዚህ ከሌላ ፔጆ የወጣ ደህና ቴስታታ ገዛሁ፣ ሪቲፊካ ቤት ወስጄ ፊቱን አስላጥኩት፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል በብሎኩ መካከል በሚገባው ማተሚያ፣ አሳሰርኩት። ከድሬዳዋ መልካ ጀብዱ ድረስ ሜዳውን እንደ አዲስ መኪና ሄደችልኝ። የደንገጎን ዳገት ስትጀምር ግን የሙቀት ጌጁ ሽቅብ መውጣት ያዘ፤ ግማሽ ሳንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፈነዳ። አብሮኝ የነበረው መካኒክ ሳያቅማማ «ጓርኒሲዮን በልቷል፤ መከፈት አለበት» አለ። አመንኩት፤ ከፈትን። ጓርኒሲዮኑ ምንም አልሆነም። እኛ ግን ስንከፍት ያልነበረባትን በሽታ ሰጠናት፤ እርሱን በቦታው እነግርሃለሁ።

ያ ሁሉ ድካም የመጣው በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ቴስታታ ተቀይሮ ሞተር ሲያፈላ ሁሉም ሰው ጣቱን የሚቀስረው ቴስታታው ላይ ነው። ግን አንድ ቴስታታ ለመቀየር ሌላ ስንት ነገር ይነካል! ውኃ ይፈስሳል፣ የራዲያተር ጎማ ይነቀላል፣ ቺንጋ (የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) ይላላል፣ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውኃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ በር) ይወጣል፣ ሽቦ ይፈታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው፤ እነዚህን ለማየት ደግሞ ወይ ምንም አታወጣም ወይ ጥቂት ብር ይበቃሃል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከማይጎዳው ወደሚጎዳው የሚሄድ ነው። በድሬ «አንቱ» ብዙም አይዘወተርምና «አንተ» እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበልህ፤ አንቺም ብትሆኚ ቁልፉ ያው ነው።

ምሳሌዬ ፔጆ 404 ናት። ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው የኋላ ወንበሯን ያውቀዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 የወጣች፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈች መኪና ናት፤ ስለዚህ «እርሷ እኮ ለዳገት አትሆንም» የሚልህን አትስማው። ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሲሆን ኮፈኑ ዝቅ እንዲል 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሟል። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ካሚቻዎች ከብሎኩ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ አይደሉም፤ ለብቻቸው የሚገቡና የሚወጡ፣ ውኃው ጀርባቸውን በቀጥታ የሚነካቸው ናቸው። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሌላ በውኃ የሚቀዘቅዝ አሮጌ መኪና ቢኖርህም አብዛኛው ምክር ይሠራልሃል። የቮልስ ባለቤት ከሆንክ ራዲያተርም የለህ፤ ተኝተህ እደር።

ከሁሉ በፊት ግን አደጋውን ልናገር። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ እጅህን በላዩ አሳርፈህ መቆየት እስክትችል ጠብቅ። በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መቸለስም አይገባም። አሉሚኒየም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚለጠጠውና የሚሸማቀቀው ከብረት በእጥፍ ያህል ነው፤ በድንገት ከቀዘቀዘ ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ዳገት ላይ ጀሪካን ይዘው ሊረዱህ የሚሮጡትን ልጆች አመስግነህ ግማሽ ሰዓት አብረውህ እንዲቀመጡ አድርግ።

1. በእርግጥ ሞቃለች?

ጥያቄው ሞኝ ይመስላል፤ አይደለም። ከሌላ መኪና የወጣ ቴስታታ ብዙ ጊዜ ሙቀቱን ለጌጁ የምታስተላልፈዋን ቡልቦ ይዞ ይመጣል። ያቺ ቡልቦ የተሠራችው ለሌላ ጌጅ ከሆነ 80 ዲግሪውን 100 አድርጋ ልታሳይህ ትችላለች። ከአሮጌው ቴስታታ ላይ የራስህን ቡልቦ ፈትተህ አዛውር። ጥርሷ ላይ ውኃ እንዳያንጠባጥብ ብለህ ነጭ ቴፕ አትከምርባት፤ ከቴስታታው ጋር ያላት የብረት ግንኙነት ይቋረጥና ጌጁ ያብዳል።

ከተቻለ ከሩቅ የሚለካውን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተዋስ። በኮቪድ ጊዜ ለግንባር የተገዛው ግን አይሆንም፤ ከሰው ገላ ሙቀት ብዙ የራቀ ነገር አያነብብም። እኔ ሞክሬ የፈላች መኪና ፊት ቆሜ ስሕተት የሚል ጽሑፍ ሳይ ከርሜአለሁ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየምም ይህን መሣሪያ ያታልለዋል፤ ከእውነተኛው ያነሰ ያነብባል። የቴርሞስታቱ ቤት ላይ ትንሽ ጥቁር ቴፕ ለጥፍና በቴፑ ላይ ለካ።

ቁጥሩን ስታነብ የቆምክበትን ከፍታ አትርሳ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክፍት ውኃ እዚህ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 94 ይወርዳል፤ ደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን 93 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ምንም የማይሆን ሙቀት ደንገጎ ላይ ውኃውን ያንተከትከዋል። ይህን የሚከላከልልህ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውስጡን በግፊት ስለሚይዝ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ግማሽ ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ከድስት ክዳን አይሻልም። ክዳኑን ገልብጠህ ላስቲኩን እይ፣ ስፕሪንጉን በጣትህ ተጫነው፤ ከጠረጠርከው በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ግዛ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ እንዳይመስልህ፤ በቆርቆሮ የተበየደ የስልሳ ዓመት ራዲያተር ስፌቱ ላይ ይለቅቃል።

2. መቼ ነው የምትሞቀው?

ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት እስክሪብቶ አንሣ። ሙቀቱ የሚመጣበት ሰዓትና ቦታ ግማሹን ምርመራ ይጨርስልሃል።

ጠዋት ቀዝቅዛ አድራ በተነሣች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጌጁ ከተወረወረ፣ ወይ ውስጧ አየር ታፍኗል፣ ወይ ቴርሞስታቱ አልከፈተም፣ ወይ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ በባጃጅና በጋሪ መካከል ስትጎተት የምትሞቅና ከከተማ ስትወጣ የምትቀዘቅዝ ከሆነ ነፋስ አጥታለች፤ ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ተመልከት። በሜዳ ላይ በፍጥነት ስትነዳት እየሞቀች የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ውኃ በደንብ አያሳልፍም፣ ወይም የእሳቱ ጊዜ (ካንዴላዎቹ ነዳጁን የሚለኩሱበት ቅጽበት) ተዛብቷል። ሞተሩን ካጠፋህ በኋላ ጌጁ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጥ፤ ውኃው መዞር ሲያቆም ሙቀቱ ባለበት ስለሚሰበሰብ ነው።

አስቸጋሪው ዳገት ላይ ብቻ የምትሞቀው ናት፤ የእኔም እንዲህ ነበረች። መካኒኬ «ጭነት ሲመጣ ጓርኒሲዮኑ ያፈስሳል» አለ፤ አባባሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሁለተኛ ማርሽ ደንገጎን የሚወጣ መኪና ፍጥነቱ ከገበያ መሀል ፍጥነት ብዙም አይበልጥም። ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ያው ደካማ ነፋስ ነው፤ ሞተሩ ግን ሙሉ ኃይሉን ያወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ መሞቅ ብቻውን ጓርኒሲዮንን አያስፈርድበትም። መለያው ቀላል ነው፦ ጥላ ሥር አቁመህ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ አስነሥተህ ተዋት። ቆማም ከሞቀች መጀመሪያ ነፋሱን ጠርጥር። እኔ ይህን ሃያ ደቂቃ ነፍጌ ሁለት ሳምንት ከፈልኩ።

3. አየሩን አውጣ

ውኃ ከፈሰሰ በኋላ ሲሞላ ቴስታታው ውስጥ አየር ይታፈናል። የታፈነው አየር ያለበት ቦታ አይቀዘቅዝም፤ ቴርሞስታቱንም ውኃ ስለማይነካው ሳይከፍት ይቆያል።

የመኪናዋን ፊት በክሪክ ከፍ አድርግ፤ ወይም ሽቅብ በሚያይ ቦታ አቁማት፤ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም በላይ መሆን አለበት። የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ክፈት። ድሬዳዋ ላይ ማሞቂያ የነካ ሰው የለምና መክፈቻው ደርቆ ይሆናል፤ ቀስ ብለህ አንቀሳቅሰው። ቀጭን አድርገህ ውኃውን ሙላ፤ በመሀል የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በእጅህ ጨመቅ ለቀቅ እያደረግህ አረፋውን አስወጣ። ከዚያ ክዳኑን ሳትገጥም አስነሣ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውኃው ድንገት ይወርዳል፣ ጨምር። አረፋው ሲቆም ግጠም። በማግስቱ ጠዋት ስትቀዘቅዝ እንደገና እይ፤ ሁልጊዜ የሚጎድል ነገር ይኖራል። ሁለት ሦስት ቀን ጨምረህ በኋላ መጉደል ካቆመ ነገሩ አየር ነበር፤ መጉደሉ ከቀጠለ ወደ ተራ 8 ሂድ።

4. ቴርሞስታቱ

እዚህ አገር ለሚሞቅ መኪና የሚታዘዘው የመጀመሪያ መድኃኒት «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣል» የሚል ነው። አልወደውም። ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውኃውን ወደ ራዲያተር እንዲሄድ ያደርጋል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ወደ ፓምፑ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውኃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይዞራል፤ «አውጥተንም ሞቀች» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በድስት ውኃ ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ሞክረው፤ የድስቱን ግድግዳ እንዳይነካ። ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ሲደርስ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ግን ከዚያ በላይ አሥር ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ሐረር ላይ ያለ ሰው ድስቱ በ94 ፈልቶ ስለሚቆም 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት ሙሉ ሲከፍት ሳያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ስትመልሰው ስፕሪንግ ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ይሁን፤ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ካለችው ወደ ላይ ትዙር።

5. ቬንትሌተሩ

የኔ ታሪክ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ታገሠኝ።

ብዙዎቹ 404ዎች ቬንትሌተራቸው ሁልጊዜ አይሽከረከርም። በፓምፑ ፑሊ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ። ውኃው ወደ 84 ዲግሪ ሲደርስ የሙቀት ማብሪያው ኤሌክትሪኩን ይለቅቃል፤ በትንሽ የካርቦን ብሩሽ በኩል ወደ ማግኔቱ ይደርስና ቬንትሌተሩን ከፑሊው ጋር ይጠፍረዋል። ወደ 75 ሲወርድ ይለቅቀዋል። ለዘመኑ ብልህ አሠራር ነበር፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ኃይል በከንቱ አይባክንም። ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቴስታታ ሲቀየር ይህች ሽቦ ትነቀላለች፤ ተመልሳ ካልተሰካች ቬንትሌተሩ በነፋስና በሰበቃ ቀስ እያለ መዞሩ ስለማይቀር ማንም ልብ አይለውም። «ይዞራል እኮ!» ትላለህ። ይዞራል፤ ግን አይስብም።

የእኔዋን ጥፋት ያገኙት ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። በጽሑፍ «እሳቸው» እላለሁ እንጂ ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው፤ የድሬ ልጅ ሌላ አያውቅም። ከዚራ፣ ዛፉ ሥር፣ ወንበራቸውን አስጠግተው ሞተሩ ሲነሣ ዝም ብለው አዳመጡ። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ፦

«ቬንትሌተሩ ሲይዝ አልሰማሁትም» አሉ።

«ይዞራል እኮ።»

«አቦ፣ መዞሩንማ አያለሁ። ሲይዝ ግን ድምፅ አለው። አልሰማሁትም አልኩህ።»

በኮፈኑ ጎን በኩል ሽቦዋ ጫፏ ዘይት ጠጥቶ ተንጠልጥላ አገኘናት። ሰካናት፤ ጥቂት ቆይቶ ቀጭ አለና ነፋሱ ሸሚዜን አንሳፈፈው።

አንተም እንዲህ ሞክር። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ ያለፈ ሽቦ አምጥተህ ወደ ብሩሹ የሚገባውን ጫፍ ንካ። ፑሊው ቀጭ ካለና ቬንትሌተሩ በእጅ ሲገፋ ከፑሊው ጋር ከጸና ማግኔቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በማብሪያው ወይም በሽቦው ላይ ነው። ዝም ካለ ብሩሹን አውጣ፤ ካለቀ ወይም ቅባት ከያዘው ነገሩ እርሱ ነው። ማብሪያው የት እንዳለ ለማግኘት ሽቦውን ብቻ ተከተል፤ ከሌላ መኪና የመጣ ቴስታታ ላይ ቦታው በተራ ቡሎን ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ከሆንክና መለዋወጫ ከሌለህ በቬንትሌተሩ ፊት ያሉትን ሦስት የክፍተት ማስተካከያ ቡሎኖች እኩል እኩል አጥብቃቸው፤ ቬንትሌተሩ ከፑሊው ጋር ይጣበቅና ሁልጊዜ ይዞራል። ስንት ዙር እንዳጠበቅህ ጻፈው፤ ስትመልሰው ያስፈልግሃል።

እግረ መንገድህን ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫን፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መግባት አለበት። ቬንትሌተሩ ተፈትቶ ከነበረም ተገልብጦ አለመታሰሩን እይ፤ ከራዲያተሩ በኩል ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት። ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ላይ ብታስጠጋ መለጠፍ ይገባዋል።

6. እሳቱና ነዳጁ

ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን) ፈትተህ ወይም ነቅንቀህ ከሆነ የእሳቱን ጊዜ እንደገና አስለካ። የዘገየ እሳት ቃጠሎውን ወደ ማርሚታው መንገድ ስለሚገፋው ቴስታታው የጭስ መውጫው በኩል ይግላል፤ መኪናዋም ዳገት ላይ ትሰንፋለች። በካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን አየር ከሳበም ነዳጁ ይሳሳል፣ ሙቀት ይጨምራል፤ ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን ጥቂት ሳሙና ውኃ ቀባ፣ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ እዚያ ነው። ቫልቮቹም ቴስታታው ከታሰረ በኋላ በቀዝቃዛው መስተካከል አለባቸው።

7. የውኃው መንገድ

የድሬዳዋ ውኃ ኖራ አለው። ሻይ የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እየው፤ ያው ነጭ ቅርፊት በራዲያተርህና በካሚቻዎቹ ጀርባ ላይ ተጋግሯል። ቴስታታ ሲነሣ ቅርፊቱና የዝገቱ ጭቃ ይናጋል፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ተንሳፍፎ ራዲያተሩ ቧንቧዎች ውስጥ ይወተፋል። ደህና የነበረ ራዲያተር ቴስታታ ከተቀየረ በኋላ የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ ሞቅ ሲል የራዲያተሩን ፊት በእጅህ (ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ) ወይም በቴርሞሜትሩ ዳስሰው። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መብረድ አለበት፤ በመሀል ድንገት ቀዝቃዛ ቁራሽ ካለ እዚያ ቧንቧዎቹ ተደፍነዋል። ራዲያተሩን አውርደህ ከታች ወደ ላይ ውኃ ልቀቅበት። ከብሎኩም የታችኛውን የውኃ መውጫ ቡሎን ፍታ፤ ምንም ካልወጣ ቀዳዳው በጭቃ ተዘግቷልና በሽቦ ቆፍረው። ጭቃ የሚከማቸው ብዙውን ጊዜ ከኋላ፣ የመጨረሻው ካሚቻ አካባቢ ነው።

ኖራውን ለማሟሟት በውኃ የላላ የሎሚ አሲድ ጥሩ ነው፤ ከተጠቀምክ በኋላ ደጋግመህ እጠብ። ኮስቲክ ሶዳ ግን አታስገባ፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ ገና የገዛኸውን ቴስታታ ያሟሟዋል። ስትሞላ የቧንቧ ውኃን ተው፤ የተጣራ ውኃ ከኩላንት ጋር ቀላቅል። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንና የአሉሚኒየም መበላትን ይከላከላል። «የባትሪ ውኃ» ብለህ ስትገዛ ግን አሲድ አለመሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብብ።

አንድ የማፍርበት ነገር ልጨምር። የውኃ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቆሻሻ እንዳይገባ ጨርቅ የወተፍኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ስንገጥም አንዱን ረስቼው ነበር። ስንቱን እንደወተፍክ ቁጠር፤ ስትገጥም እንደገና ቁጠር።

8. አሁን ጓርኒሲዮኑን ጠይቅ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ አሁን ቴስታታውን መጠርጠር ትችላለህ፤ ግን ሳትከፍት። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ውኃውን እስከ አፍ ሙላ፤ ፓምፑ ውኃውን እንዳያንቀሳቅሰው ቺንጋውን አውጣ። የሐኪም ጓንት በራዲያተሩ አፍ ላይ አጥብቀህ እሰር፣ የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦውን ድፈን። አስነሣና ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ጋዙን ከፍ ዝቅ አድርግ። ጓንቱ እጁን ዘርግቶ ሰላም ካለህ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ጓንቱን አንሥተህ አረፋውን እያየህ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ የትኛው ሲነቀል አረፋው ከቀነሰ ጥፋቱ ያለው በዚያ ሲሊንደር ነው። ገመዱን በተሸፈነ ፒንሳ ያዝ፤ ይመታሃል።

ሌሎቹ ምልክቶች፦ ቀዝቃዛ ሞተር በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ ድንጋይ ከሆነ፤ ሞቃ ሳለም ከማርሚታው ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ፤ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ አንዱ ብቻ ታጥቦ የነጣ ከሆነ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጣ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ሆጃ (ከቡና ገለባ የሚፈላው መጠጥ) ከመሰለ ውኃ ወደ ዘይት ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ አታስነሣት።

9. መክፈት ግድ ከሆነ

የእኔ ሁለተኛ ስሕተት እዚህ ነው። ቴስታታው ተነሥቶ ሳለ የፒስቶኖቹን አናት ለመጥረግ ኮላዶካውን (ፒስቶኖቹን የሚያመላልሰውን ዘንግ) በእጅ አዞርነው። ካሚቻዎቹን ከላይ የሚጫናቸው ቴስታታው ነው፤ እርሱ ከሌለ ፒስቶኑ ሲወጣ ካሚቻውን ይዞት ይነሣል፤ ከታች ያለችው ማተሚያ ቀለበት ትናጋለች። ገጥመን ስናስነሣ ዘይቱ በሁለተኛው ቀን ሆጃ ሆነ። በአንዲት ሽቦ የጀመረው ነገር ሞተር ወደ ማውረድ ደረሰ።

ስለዚህ ቴስታታው እንደተነሣ ካሚቻዎቹን በቡሎንና በወፍራም ሮንዴላ ወደ ታች አስራቸው፤ እስከዚያ ኮላዶካው አይዙር፣ ማርሽ ውስጥ ሆና መኪናዋ አትገፋ። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ብረት በብሎኩ ፊት ላይ አሳርፈህ በስስ የክፍተት መለኪያ የእያንዳንዱን ካሚቻ ከፍታ ለካ። ከብሎኩ ፊት ጋር እኩል ወይም በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ከፍ ማለት አለበት፤ ከብሎኩ በታች የወረደ ካሚቻ ጓርኒሲዮኑን አይጫነውም፣ አዲስ ብታስገባም ይበላል። ጎረቤታሞቹም እኩል ይሁኑ።

ጓርኒሲዮኑን ስትገዛ የመኪናዋን ስም ብቻ አትናገር። የ404 ሲሊንደር ስፋቱ 84 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ504 ባለ 1,796 ሲሲውም 84 ሲሆን ባለ 1,971 ሲሲው 88 ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም «የፔጆ» ተብለው በአንድ ምስማር ላይ ይሰቀላሉ። ገዝተህ ስትመጣ አንድ ጊዜ በብሎኩ፣ አንድ ጊዜ በቴስታታው ላይ አንጥፈህ እያንዳንዱን የውኃ ቀዳዳ በጣትህ ተከታተል። ቴስታታው ላይ ያለው ቀዳዳ በጓርኒሲዮኑ ከተሸፈነ፣ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተገለበጠ፣ የኋላው ሲሊንደር ውኃ ሳያገኝ ይጋገራል። ቴስታታው በተደጋጋሚ ተልጦ ከሆነም ጠይቅ፤ በጣም የሳሳ ቴስታታ የመጭመቂያውን ኃይል ስለሚጨምር ሞተሩ ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ይሞቃል።

የቡሎን ጉድጓዶቹን ከውኃና ከዘይት አድርቅ፤ ፈሳሽ ያለበት ጉድጓድ ቡሎኑ ሳይጫን የጠበቀ ያስመስለዋል፣ ብሎክም ሊሰነጥቅ ይችላል። ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር እየወጣህ፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ቁልፍ እሰር። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚልህ ባለሙያ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን እጁን አያውቀውም። አንድ ጊዜ ሞቃ ሌሊቱን ከቀዘቀዘች በኋላ፣ ጓርኒሲዮኑ ዳግመኛ ማጥበቅ አያስፈልገውም ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር፣ እያንዳንዱን ቡሎን በተራው ሩብ ዙር አላልተህ ወደ ልኩ መልስ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታላላ።

10. ፈተናው

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ብቻህን ውጣ። በመጀመሪያ ሜዳውን ሂድ፣ ተመለስ፣ አቁመህ ሃያ ደቂቃ አስነሥተህ ተዋት፣ ቬንትሌተሩ ሲይዝ ስማ። ከዚያ ወደ ደንገጎ። ጌጁ ከተለመደው ቦታ ማለፍ ሲጀምር አትታበይ፤ ማርሽ ቀንስ፣ ጥግ ያዝ፣ ሞተሩን ግን ወዲያው አታጥፋ፤ ካልፈላ በቀር በትንሹ ይዙር። አናቱ ላይ አቁመህ የውኃ ጠብታ ካለ ዞረህ እይ። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ዳገት ሰው ጭነህ ድገም፤ የግንቦት ቀትር ሳይሆን።

በየጠዋቱ ለአንድ ሳምንት ክዳኑን ክፈትና የውኃውን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርግ፤ ዘንጉን አውጥተህ የዘይቱን መልክ እይ። የእኔዋ በአምስተኛው ቀን ውኃዋ ከምልክቱ አልወረደም፤ በስድስተኛው ሐረር ደርሰን ማታ ተመለስን፣ ጎረቤቴ የፊቱን ወንበር ይዘው ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ ቀስረው።